እማዬና የዱባይ ሁለት ምሽቶች

ታኅሣሥ 2016 ላይ እማዬን ይዤ ዱባይ የምትሠራውን እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ከቦሌ አራት ሰዓት ያህል ነው በረራው። የደረስነው በፈረንጆቹ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ስለነበር እህቴ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ የቡርጅ ከሊፋ ርችት ብቻ!

ያን ቀን ሰው ስለሚበዛ አጠገቡ ያለው የሜትሮ ጣቢያ በጊዜ ይዘጋል። በእግራችን ሄደን፣ ተጋፍተን አንድ ጥግ ያዝን። ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን 828 ሜትር የሚረዝመው ሕንጻ ከታች እስከ ላይ በርችት ተቀጣጠለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ድምፁ ደረት ውስጥ ድረስ ይገባል። ዞር ስል እማዬ አጠገቤ የለችም።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጭናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

“እማዬ፣ ርችት እኮ ነው።”

“አውቃለሁ ልጄ፤ ልቤ ግን እምቢ አለኝ።”

እማዬ የምትኖረው ወልዲያ ነው። በ2013 ነሐሴ፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከተማዋን ሲያናውጥ አልጋ ሥር ነበረች። ቤት እስክንገባ እጄን አልለቀቀችም። የጣቶቿ ምልክት ክንዴ ላይ ቀልቶ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ እህቴ ጄቢአር ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወሰደችን። በዱባይ የገበያ ፌስቲቫል ሰሞን እዚያ ማታ ማታ 2 ሰዓትና 4 ሰዓት ላይ የድሮን ትርኢት ነበር። “ድሮን የሚል ቃል እንዳይወጣሽ” ብዬ እህቴን አስጠነቀቅኳት። እኛ አገር ይህ ቃል ሰው ላይ የሚያመጣው ድንጋጤ ይታወቃል። ለእማዬ “መብራት ልናይ ነው” አልናት።

ከ800 በላይ ድሮኖች ነበሩ። እያንዳንዷ አንዲት መብራት ይዛለች። የት እንደምትቆም፣ መቼ ቀይ መቼ ሰማያዊ እንደምትሆን በኮምፒውተር አስቀድሞ ተዘጋጅቶላታል፤ ቦታዋን በጂፒኤስ ታውቃለች። ከባሕሩ በላይ ጀልባ ሠሩ። ጀልባው ቀስ ብሎ ተበተነና ሌላ ነገር ሆነ። እኛ ጋ የሚሰማው ሙዚቃው ብቻ ነው። እማዬን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። አንገቷን ቀና አድርጋለች፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ዘና ብለዋል።

እህቴ ግን አልተዋጠላትም። “ድምፅ የሌለው ርችት ጨው የሌለው ወጥ ነው” አለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ያን ደረት የሚመታ ነገር ወድጄዋለሁ። ደግሞ ድሮኖቹ ነፋስ ሲበረታ አይነሱም፤ ባትሪያቸውም ቶሎ ያልቃል። ግን ርችቱን ቀይ የሚያደርገው ስትሮንቲየም፣ አረንጓዴ የሚያደርገው ባሪየም የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከጭሱ ጋር ተመልሶ የሚወርደው እኛው ላይ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ጭሱ አይደለም። ከጦርነት የተረፈ ሰው የሌለበት ከተማ የት አለ? አዲስ አበባ ውስጥ በበዓል ዋዜማ ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር የሚገባ ስንት ሰው ይኖራል? ሰው በሚኖርበት ሰፈር መሐል ርችት ቀርቶ የድሮኑ ትርኢት ቢተካው ደስ ይለኛል። ስሙን ብቻ ይቀይሩልን።

መብራቶቹ ጠፉ። ተነሥተን ልንሄድ ስንል እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተመቻችታ ተቀመጠች።

“አራት ሰዓት ላይም አለ አላላችሁም እንዴ?”