የሐረሩ ሳጥን ድሬዳዋ ሲገባ

ሐረር የሚኖሩት አጎቴ በጣውላ ሳጥን ጫጩት ሲፈለፍሉ አይቼ ቀናሁ። ሁለት ባለ 40 ዋት አምፖሎች፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ከተበላሸ ኮምፒውተር የተነቀለ ማራገቢያ፤ ሌላ ነገር የለውም። ልክ እንደ እሳቸው ሠርቼ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን አስቀመጥኩት። ዕንቁላሎቹን አውራ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶች ለቃቅሜ 24 አደረስኳቸው። የገበያ ዕንቁላል ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ ማን ያውቃል?

ወሩ ግንቦት ነበር። ሐረር ከባሕር ወለል ከ1800 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ድሬዳዋ 1200 ገደማ ናት። አጎቴ የሚታገሉት ከብርድ ጋር ነው። የእኔ ክፍል ግን ቆርቆሮው ሲግል ራሱ 36 ዲግሪ ይደርሳል፣ ለዕንቁላሉ የሚፈለገው ደግሞ 37.5 ነው። አምፖሎቹ ለአፍታ በርተው ቢጠፉም ሙቀቱ 39ን ያልፍና መውጫ አጥቶ እዚያው ይቆያል። ከሁለተኛው ሳምንት ወዲያ ሽሉ ራሱ ሙቀት እንደሚያመነጭም አላውቅም ነበር።

ጫጩቶቹ 21 ቀን ሳይሞላቸው በ19ኛው ቀን መውጣት ጀመሩ። ተሳካልኝ ብዬ እናቴን ጠራኋት። አንዱን ገልበጥ አድርጋ እምብርቱን አሳየችኝ፤ አልተዘጋም። ሙቀት ሲበዛበት ሽሉ ይቸኩላል፤ አስኳሉን ወደ ሆዱ ስቦ ሳይጨርስ ቅርፊቱን ይሰብራል። ሰባት ወጡ፣ ሳምንት የዘለቁት አራት ብቻ ናቸው።

«ዶሮዋ እኮ ሲሞቃት ተነሥታ ትሄዳለች» አለች እናቴ። «ያንተ ሳጥን መነሣት አያውቅም።»

በሁለተኛው ዙር ሳጥኑን ኮርኒስ ወዳለው ክፍል አዛወርኩት። በአንድ ባለ 25 ዋት አምፖል ተወሰንኩ፤ ጎኑን በሰፊው በሳሁት፤ ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ ውኃ የሞሉ ጠርሙሶች አስገባሁ። ቀትር ላይ ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ እከፍታለሁ፤ የዶሮዋ መነሣት መሆኑ ነው። ዕንቁላሎቹን ማገላበጡን በ18ኛው ቀን አቆምኩ።

በ12ኛው ቀን መብራት ለሦስት ሰዓት ጠፋ። ብርድ ልብስ ይዤ ሮጥኩና ትዝ ሲለኝ ተመለስኩ፤ ዕንቁላል ለአጭር ጊዜ ቢቀዘቅዝ ይችላል፣ መጋል ነው የሚገድለው። በ21ኛው ቀን ንጋት ላይ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። እስከ ማታ 17 ጫጩቶች ወጡ፣ እምብርታቸውም ደርቋል።

አጎቴ ጠርሙሶቹን ሊሞክሩ ነው። አምፖሎቹን ግን አይንኩ ብያቸዋለሁ።