የካፌይንን የኤሌክትሮን ደመና ከኪዩብ ፋይል እንዴት እንደሣልኩት

አይሶሰርፌስ በፍርግርግ ነጥቦች ላይ ከተመዘገቡ ቁጥሮች መካከል እኩል ዋጋ ያላቸውን ቦታዎች አያይዞ የሚወጣ ገጽ ነው። እንደ ፓይሞል፣ ቪኤምዲና ኪሜራኤክስ ያሉ የሞለኪውል መሣያ ፕሮግራሞች ገጹን በአንድ ትዕዛዝ ያወጡታል፤ ዋጋውን የሚመርጠው ግን ተጠቃሚው ነው። 0.02 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የምን 0.02 እንደሆነ ሳይጣራ የተሣለ ሥዕል ግን ቢያምርም አይታመንም።

የሠራሁት በካፌይን ነው፤ 24 አቶምና 102 ኤሌክትሮን አለው። ስሌቱን በፓይኤስሲኤፍ (በፓይተን የሚሠራ የኳንተም ኬሚስትሪ ፕሮግራም) ጨርሼ የኤሌክትሮን እፍግታውንና ሆሞውን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ከያዙት ኦርቢታሎች በኃይል የመጨረሻውን፣ በየራሳቸው ኪዩብ ፋይል (የፍርግርግ ነጥቦችን ዋጋ በጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) አወጣሁ። የተያዙት 51 ናቸው፤ ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር ኮዱ ላይ የሚገባው 50 ነው። 51 ከተጻፈ የሚወጣው ሉሞ፣ ማለትም የመጀመሪያው ባዶ ኦርቢታል፣ ነው፤ እሱም ጥሩ ሥዕል ስለሚሰጥ ማንም አይጠረጥረውም።

የፓይኤስሲኤፍ ነባሪ ቅንብር በየዘንጉ 80 ነጥብ፣ ከዳር አቶሞች ደግሞ 3 ቦር (በአቶሚክ ዩኒት የርዝመት መለኪያ) ህዳግ ነው። ሁለቱንም ቀየርኳቸው። ካፌይን ጠፍጣፋ ስለሆነ 80ው ነጥብ በውፍረቱ በኩል ይጠጋጋል፣ በርዝመቱ በኩል ይሳሳል። ስለዚህ በነጥብ ብዛት ፋንታ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት 0.2 ቦር ብዬ ሰጠሁ። 3 ቦር ደግሞ 1.6 አንግስትሮም ገደማ ብቻ ነው፤ የ0.001 እፍግታ (ኤሌክትሮን በኪዩቢክ ቦር) ገጽ ከኦክስጅን ኑክሌየስ ያንኑ ያህል ስለሚርቅ ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ሊቀር ይችላል። ህዳጉን 6 ቦር አደረግኩት። መብቃቱን ለማወቅ በሳጥኑ ስድስት ፊቶች ላይ ያለውን ትልቁን ፍጹም ዋጋ ማየት ነው፤ ለገጹ ከሚመረጠው ዋጋ በጣም ማነስ አለበት። የዚህ ሁሉ ወጪ ፋይሉ ላይ ይታያል፦ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነጥብ፣ 18 ሜጋባይት ገደማ ጽሑፍ። ርቀቱን ወደ 0.1 ማውረድ ይህን ሁሉ በ8 ያባዛዋል። ፓይሞል ፍርግርጉን በራሱ አጠጋግቶ ገጹን ማለስለስ ይችላል፤ አዲስ መረጃ ግን አይጨምርም።

ኪዩብ ፋይል በሁለት የማስታወሻ መስመሮች ይጀምራል፤ ሦስተኛው የአቶም ብዛትና የመነሻ ነጥብ ነው፤ ቀጣዮቹ ሦስቱ የየዘንጉን የነጥብ ብዛትና እርምጃ ይሰጣሉ። ከአቶሞቹ ዝርዝር በኋላ የሚመጡት ቁጥሮች በመስመር ስድስት ስድስት ሆነው ይጻፋሉ፤ ቶሎ የሚቀያየረው ዜድ ነው። የኤምአርሲ ፋይል (በክራዮ-ኢኤም የተለመደ የካርታ ቅርጸት) ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤክስን ያስቀድማል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ዘንጎቹ ካልተገለበጡ ገጹ ከአቶሞቹ ይለያል። ሳጥኑ 80 በ80 በ80 ከሆነ ምንም ስህተት አይታወጅም፤ ለዚህም ነው የሦስቱ ዘንጎች ብዛት የተለያየ እንዲሆን የምመርጠው። ሌላው ወጥመድ የአቶም ብዛቱ በአሉታዊ ምልክት ሲጻፍ ነው፦ ጋውሲያን የተባለው የስሌት ፕሮግራም ኦርቢታል ሲያወጣ ከአቶሞቹ በኋላ አንድ መስመር ይጨምራል፤ ይህን የማያውቅ ኮድ የኦርቢታሉን ቁጥር እንደ ዳታ ያነበዋል፤ ቀሪውም ሁሉ ይንሸራተታል።

ከማንኛውም ሥዕል በፊት አንድ ድምር እሠራለሁ። የእፍግታ ፋይሉን ቁጥሮች በሙሉ ደምሬ በአንዷ ቮክሰል (የፍርግርጉ ትንሿ ሳጥን) ይዘት፣ ማለትም በ0.008 ኪዩቢክ ቦር፣ አባዛለሁ። መልሱ 102 አካባቢ መሆን አለበት። እፍግታው ኑክሌየሶቹ አጠገብ እንደ መርፌ ስለሚሾል 0.2 ቦር አይበቃውም፤ ጥቂት ቢለያይ አያስደነግጥም። 15 አካባቢ ከመጣ እርምጃው በአንግስትሮም ተቆጥሯል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ደግሞ የተጫነው እፍግታ ሳይሆን ኦርቢታል ነው፤ የሆሞው አዎንታዊና አሉታዊ ክንፎች ይጣፋሉና።

ለኦርቢታሉ ዋጋ የምመርጠው በዓይን አይደለም። ቁጥሮቹን ካሬ አድርጌ ከትልቅ ወደ ትንሽ እደረድራለሁ፤ ከላይ እየደመርኩ ከጠቅላላው 80 በመቶ ስደርስ የቆምኩበትን ቁጥር ስኩዌር ሩት እወስዳለሁ። በዚያ ዋጋ አዎንታዊና አሉታዊ ሁለት ገጾች ይወጣሉ። ሁለት ሞለኪውሎች ሲነጻጸሩ ለሁለቱም ያው 80 በመቶ ይሁን። የትኛው ክንፍ ቀይ፣ የትኛው ሰማያዊ መሆኑ ትርጉም የለውም፤ ስሌቱ በድጋሚ ሲሠራ ምልክቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ኤሌክትሮስታቲክ ፖቴንሻል (የኑክሌየሶቹና የኤሌክትሮኖቹ ቻርጅ በየነጥቡ የሚፈጥረው) በ0.001 የእፍግታ ገጽ ላይ ሲቀባ የቀለሙ ወሰን ከፍርግርጉ ትንሽና ትልቅ ቁጥር አይወሰድም፤ ኑክሌየስ አጠገብ ፖቴንሻሉ በጣም ስለሚገዝፍ ገጹ ሁሉ አንድ ቀለም ይሆናል። ከ-0.05 እስከ 0.05 አቶሚክ ዩኒት ጥሩ መነሻ ነው፤ 0.05 በኪሎካሎሪ በሞል 31 ገደማ ይሆናል። ፖቴንሻሉ ገጹ ላይ በዝግታ ስለሚለዋወጥ ፍርግርጉ 0.4 ቦር ቢሆንም ይበቃል፤ በየነጥቡ ስሌቱ ውድ ስለሆነ ይህ ቁጠባ ቀላል አይደለም።

የሲሲፒ4 ካርታ (በክሪስታል ጥናት የተለመደ የእፍግታ ፋይል) ለሚከፍት ሌላ ጥንቃቄ አለ። ፓይሞል እንዲህ ያለውን ካርታ ሲጭን በነባሪው አማካዩን ዜሮ፣ መደበኛ ልዩነቱን 1 አድርጎ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ዋጋ በሲግማ፣ ማለትም በመደበኛ ልዩነቱ ብዜት፣ ነው። ለክሪስታል ካርታ ይህ የተለመደ ነው፦ 2ኤፍኦ-ኤፍሲ ለሚባለው ዋናው የእፍግታ ካርታ ከ1 እስከ 1.5፣ የተለካውና ከሞዴሉ የተሰላው ለሚለያዩበት የልዩነት ካርታ ፕላስና ማይነስ 3። በክራዮ-ኢኤም (ናሙናውን አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያነሳ ዘዴ) ካርታ ግን ሳጥኑ አብዛኛው ባዶ ነው፤ ባዶው በሰፋ ቁጥር ሲግማው ያንሳል። እዚያ ማስተካከያውን ካርታው ከመጫኑ በፊት አጥፍቶ ካርታውን ያስመዘገቡት ሰዎች በኢኤምዲቢ (የእነዚህ ካርታዎች የመረጃ ቋት) ላይ ያሰፈሩትን ዋጋ መጠቀም ይሻላል።