የኤንኤፍቲ ገበያ መመልከቻዬ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ፓይተን መማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ የያዘኝ ሥራ የለም። የአንድ ኤንኤፍቲ ኮሌክሽን ስም (ማለትም ባለቤትነታቸው ብሎክቼይን በሚባል የጋራ ዲጂታል መዝገብ ላይ የተጻፈ ምስሎች ስብስብ ስም) ስጽፍለት ገበያው ምን ላይ እንዳለ የሚያሳየኝ ትንሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ተርሚናል ላይ ነው የሚሠራው፣ ግራፍ ምናምን የለውም። አሁን ነገሩ መልክ እየያዘ ስለመጣ፣ ተመሳሳይ ነገር ለምትሞክሩ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ኦፕንሲ የሚባለው የኤንኤፍቲ መገበያያ ገጽ ለፕሮግራመሮች ክፍት ያደረገው ኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራም ዳታ የሚጠይቅበት መንገድ፣ አለው። ቁልፍ ታወጣላችሁ፣ የኮሌክሽኑን መለያ ትልካላችሁ። ጠቅላላ ሽያጩን፣ የባለቤቶቹን ብዛትና ፍሎር ፕራይሱን ጄሰን በሚባል፣ ፕሮግራም በቀላሉ በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ ይመልስላችኋል። የአንድ ቀን፣ የ7 ቀንና የ30 ቀን እንቅስቃሴም ለየብቻው ይመጣል። እዚህ ድረስ ማንም ይደርሳል። እኔን ያሰረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ነው፦ የመጣውን ቁጥር ምን ያህል ልመነው?

ፍሎር ፕራይስን እንውሰድ። ለሽያጭ ከቀረቡት ሁሉ የርካሹ ዋጋ ነው። ቦርድ ኤፕ ያክት ክለብ 10,000 ምስሎች አሉት፤ ፍሎሩን የሚወስነው ግን ከሁሉም ዝቅ አድርጎ ያቀረበው አንድ ሰው ብቻ ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ ገንዘብ ቸግሮት ዋጋ ቢሰብር የመርካቶ ዋጋ ወረደ አይባልም። ብዙ ገጾች ግን ይህንኑ ዋጋ በ10,000 አባዝተው የኮሌክሽኑ ጠቅላላ ዋጋ ይሉታል። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ፕሮግራሜ ከፍሎሩ ጎን፣ ከርካሹ ጀምሮ ሲቆጠር፣ የአሥረኛውንና የሃምሳኛውን ሊስቲንግ (ለሽያጭ የቀረበ ምስል) ዋጋ ያወጣል። ፍሎሩ 5 ኢተር (የኢቴሪየም ብሎክቼይን ገንዘብ) ሆኖ አሥረኛው 5.1 ከሆነ፣ እዚያ ዋጋ ላይ በርከት ያለ ሻጭ አለ ማለት ነው። አሥረኛው 7 ከሆነ ግን 5 የሚለው ቁጥር ጥቂት ግዢ ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ ደግሞ ከፍተኛውን ቢድ፣ ማለትም ገዢ ልክፈል ያለውን ዋጋ፣ አስቀምጣለሁ። ዛሬውኑ ልሽጥ ለሚል ሰው የሚሠራው ዋጋ እሱ ነው። ቢዶቹ የሚቀርቡት በራፕድ ኢተር (የተጠቀለለ የኢተር ዓይነት) ስለሆነ የክፍያ መለያቸው ከተራው ኢተር ይለያል። ዋጋቸው አንድ ለአንድ ነውና አንድ ላይ ማነጻጸሩ ችግር የለውም። ዋጋዎች በዌይ፣ በኢተር ትንሹ መለኪያ፣ ሲመጡላችሁ፣ ማለትም አንዱ ኢተር 18 ዜሮ ተከትሎት ሲመጣ፣ በፓይተን ዴሲማል አስሉት፤ ፍሎት የሚባለው የቁጥር ዓይነት የመጨረሻዎቹን አሃዞች ያዛባል።

ወደ ሽያጭ መጠን ስንመጣ ጥርጣሬ ያስፈልጋል። ኦክቶበር 28 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ክሪፕቶፐንክስ ከሚባለው ኮሌክሽን ቁጥር 9998 በ124,457 ኢተር ተሸጠ ተብሎ ተመዘገበ። በጊዜው ዋጋ ከ530 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ባለቤቱ ከራሱ ነው የገዛው። ገንዘቡን ፍላሽ ሎን በሚባል የቅጽበት ብድር ተበድሮ፣ በዚያው አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ መልሶታል። ብሎክቼይኑ ላይ ግን እንደማንኛውም ሽያጭ ተቀምጧል፣ አማካይ የሚያሰላ ፕሮግራም ዝም ብሎ ይደምረዋል። ጃንዋሪ 2022 ላይ ሉክስሬር የሚባለው መገበያያ ሲከፈት ደግሞ ለሚነግዱ ሰዎች ቶከን (የራሱን ዲጂታል ገንዘብ) ይሸልም ነበር። ሮያልቲ፣ ማለትም በየሽያጩ ለፈጣሪው የሚቆረጥ ክፍያ፣ የሌላቸው እንደ ሚቢትስ ያሉ ኮሌክሽኖች ከራስ ወደ ራስ መሸጫ ሆኑ። እኔ አሁን አማካይና ሚዲያን (በቅደም ተከተል መሃል ላይ ያለውን) ዋጋ ጎን ለጎን አወጣለሁ። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ፣ ወይም ሽያጩ ብዙ ሆኖ ዋሌቶቹ (የገበያተኞቹ ዲጂታል ቦርሳዎች) ጥቂት ከሆኑ፣ ፕሮግራሙ መስመሩ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ክሪፕቶፐንክስን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰዓት ይቆጥብላችኋል። ፐንኮቹ የወጡት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኢአርሲ 721 የሚባለው የኤንኤፍቲ ደረጃ ሳይጸድቅ። ስለዚህ የራሳቸው ኮንትራት (ብሎክቼይኑ ላይ የሚሠራ ኮድ)፣ እዚያው ውስጥ የተሠራ የራሳቸው ገበያም አላቸው። ሽያጭ ሲኖር ፐንክቦት (PunkBought) የሚባል ኢቬንት፣ ማለትም የሆነውን የሚመዘግብ መልእክት፣ ይወጣል። ባለቤቱ ቢድ ተቀብሎ ሲሸጥ ግን ኢቬንቱ ዋጋውን 0፣ ገዢውንም ባዶ አድራሻ አድርጎ ይመዘግባል። ምክንያቱን ኮዱ ውስጥ ታዩታላችሁ፦ ቢዱን መጀመሪያ ያጸዳዋል፣ ኢቬንቱን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮንትራቱ አይቀየርም፣ ስለዚህ ስህተቱም እዚያው ይኖራል። መፍትሔው ለዚያ ፐንክ ከሽያጩ በፊት የገባውን የመጨረሻ ቢድ ፈልጎ ዋጋውን ከእሱ መውሰድ ነው። ይህን ካላደረጋችሁ ትልልቅ ሽያጮች በዜሮ ዋጋ ይገቡና ሚዲያኑን ያበላሹታል።

ሰዓትም አለ። ኤፒአይው ሰዓቱን በዩኒክስ ቁጥር (ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆጠሩ ሰከንዶች) ይሰጣል፣ ገጾቹም ቀኑን የሚቆርጡት በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። ከሌሎች ሠንጠረዥ ጋር እንዲገጥም ስሌቱን በዩቲሲ ትቼ፣ ለዓይኔ የሚታየውን ብቻ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሬዋለሁ።

የመጣውን ዳታ ሁሉ ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አንድም 429 የሚለው መልስ፣ ማለትም ጥያቄ አበዛህ የሚለው፣ እንዳይመጣ ነው። አንድም ኔት ሲጠፋ የትናንቱን ለማየት። ሦስተኛም ምክንያት አለ። ብዙ ፕሮግራመር የተደገፈበት የኤንኤፍቲ ዳታ አቅራቢው ሲምፕልሃሽ በ2025 እ.ኤ.አ. በዋሌት ሠሪው ፋንተም ተገዝቶ ኤፒአይውን ዘጋ። የዳታ ምንጩን የሚያነብበውን ኮድ ከስሌቱ ለዩት። እኔ ምንጭ ብቀይር የምነካው አንድ ፋይል ብቻ ነው።

አሁን የያዝኩት ብለር የሚባለው መገበያያ ላይ ያሉትን ቢዶች መጨመር ነው። አንድ ዋሌት ብዙ ኮሌክሽኖች ላይ በአንድ ገንዘብ ቢድ ሊያስቀምጥ ስለሚችል፣ ቢዶቹን በቀጥታ መደመር የሌለ ፍላጎት ያሳያል። በዋሌት ከፋፍዬ፣ እያንዳንዱን ባለው ገንዘብ ልክ ለመቁረጥ እየሞከርኩ ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ የሠራችሁ ካላችሁ ኮዳችሁን ባየው ደስ ይለኛል።