ለእማዬ የገዛሁት የአናናስ ዳቦ

አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እማዬ በእኔ እጅ አሳማ ባልበላች ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። የቻይናውያኑ ሰፈር ቻይናታውን ውስጥ ስምንተኛውና ዌብስተር መንገድ አካባቢ ጠዋት ካለፋችሁ የዳቦው ሽታ ጎትቶ ዳቦ ቤቶቹ ያስገባችኋል። መግዛቱ ቀላል ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ካርድ የማይቀበሉ ቤቶች አሉ። ወረፋ ያዙ። የመረጣችሁትን በሮዝ ካርቶን ያደርጉላችኋል። በእንፋሎት የበሰለው ዲም ሰም፣ ትንንሹ የቻይና ምግብ፣ ለብቻው ነው የሚቀርበው። ሹ ማይ የሚሉት በስስ ሊጥ የተጠቀለለ አሳማና ሽሪምፕ ነው። ቻር ሹ ባው የሚሉት ነጭ ዳቦ ውስጡ ጣፋጭ የአሳማ ጥብስ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ጉድ የሠራኝ ያላወቅሁት ነው።

እማዬ ከአዲስ አበባ የመጣች ሰሞን ነው። ፋሲካ አልፏል፣ ጾም የለም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የቡና ቁርስ ልግዛ ብዬ ገባሁ። ወረፋው በር ድረስ ደርሷል።

መስታወቱ ውስጥ ሁለት ትሪ የአናናስ ዳቦ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ዳቦው አናናስ የለውም። ስሙን ያገኘው ላዩ ላይ ያለው የስኳር ሊጥ ሲጋገር እንደ አናናስ ልጣጭ ስለሚሰነጣጠቅ ነው። በሁለቱም ትሪ ፊት በእንግሊዝኛ «ፓይናፕል በን» ተብሎ ተጽፏል። የቻይንኛው ጽሑፍ ግን በአንደኛው ላይ ረዘም ይላል። አየሁት። አይቼው ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሻጯን «ሥጋ አለው?» አልኳት። «ፓይናፕል በን» አለችኝ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች መቸኮል ጀመሩ። ስድስት አልኳት። ከሁለቱም ትሪ ሦስት ሦስት አነሳችልኝ።

ቤት ቡናው ፈላ። አቦል ተቀዳ። እማዬ ዳቦውን ሁለቴ ከጎረሰች በኋላ እጇ ላይ የቀረውን አየችው። ውስጡ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በማር የታሸ የሚመስል ሥጋ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ የምን ሥጋ ነው?»

መዋሸት አልቻልኩም።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፣ ተጉመጠመጠች፣ ቶናውን ሳትጠጣ ተነሳች። ማታ ሦስት ሰዓት እስኪሆን ጠበቀች። ያኔ አዲስ አበባ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። በሩን ዘግታ ለነፍስ አባቷ ደወለች። ምን እንዳሏት እስካሁን አልጠየቅኋትም።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሻጯን፣ አሳማ እንዳለው ለምን በእንግሊዝኛውም አትጽፉትም አልኳት። «ሁሉም ሰው ያውቃል» አለችኝ። ሁሉም ሰው አያውቅም! እናቴ አታውቅም። ሕጉም አያግዝም። አሜሪካ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ የግድ የሚጻፉ 9 ዋና ዋና አለርጂ አምጪ ምግቦች አሉ፤ ዘጠነኛው፣ ሰሊጥ፣ ግዴታ የሆነው በ2023 ነው። አሳማ ከነሱ ውስጥ የለም። ለሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ ሰው ራሱ ጠይቆ ይድረስበት ነው ነገሩ።

እንግዲህ ጠይቁ። ግን «ሥጋ አለው?» አትበሉ። «አሳማ አለው?» በሉ። በካንቶንኛ፣ በደቡብ ቻይናው ቋንቋ፣ ጁ ዩክ ነው። ቀጥላችሁ ስለ አሳማ ስብ ለብቻው ጠይቁ፣ ጁ ያው ይሉታል። ብዙዎቻችን የምንወደው የእንቁላል ታርት ቂጣው ብዙ ጊዜ የሚለወሰው በእሱ ነው። ሎ ባክ ጎ የሚባለው የነጭ ራዲሽ ኬክም አትክልት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተከተፈ የአሳማ ቋሊማና የደረቀ ሽሪምፕ አለበት።

የጉዞ መጽሐፍት «ደስ ያላችሁን በጣት አሳዩ» ይላሉ። እኔ አታድርጉት እላለሁ። ጣት አይጠይቅም። እሁድም አትሂዱ፤ በሥራ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሂዱ። ያኔ ሻጮቹ መልስ ለመስጠት ፋታ አላቸው።

አንዲት ቃል ግን ልቤን ነካችው፤ ጃይ። ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር አንደኛውና አሥራ አምስተኛው ቀን ከሥጋ የሚታቀቡበት ነው፣ ልክ ጾም እንደምንለው። ሻጮቹን «ጃይ» ስትሏቸው ፊታቸው ይፈታል። ይህን ነገር ያውቁታል። እንቁላልና ወተት ሊኖረው ስለሚችል ግን ለረቡዕና ለዓርብ አትመኑት።

እማዬ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት ሰሊጥ የተነሰነሰበት፣ ውስጡ ጣፋጭ ቀይ ባቄላ ያለበት ክብ ጥብስ ገዛሁላት። ጂን ዶይ ይባላል። ካርቶኑን ከፈተች። አንዱን ለሁለት ገመሰችና ውስጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው።

«ጠይቀሻል?» አለችኝ።

«ሁለቴ ጠይቄያለሁ፣ እማዬ።»