ዛሬ ዝም አልኩ

ከቦስተን ከተመለስኩ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በውርጭ ተቀበለችኝ፤ ጋቢዬን ደርቤ ወደ ዱቄት ፋብሪካችን ስብሰባ ገባሁ።

ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ለሥራ መሪዎች በሚሰጠው ሥልጠና መምህሩ ብዙ አያወራም። ማታ የአንድ ድርጅትን እውነተኛ ችግር ታነባለህ፤ ጠዋት በትንሽ ቡድን ትከራከርበታለህ፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ ድንገት ስምህን ጠርቶ «አንተ ብትሆን ምን ትወስናለህ?» ይልሃል። እኔ የተጠራሁ ቀን ላብ አጠመቀኝ (በዚያ ብርድ!)። ከጥያቄው ይልቅ የከነከነኝ ግን ጠይቆ ዝም ማለቱ ነበር።

ዛሬ ሞከርኩት። «በብርድ ወራት ፉርሽካው ዱቄቱ ውስጥ ለምን ይገባብናል?» ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በመጨረሻ በሩ አጠገብ የተቀመጡት የወፍጮ ባለሙያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ስንዴው ውኃ ከጠጣ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሰዓት ነው የምናሳርፈው። በብርድ ግን ውኃው ቀስ ብሎ ነው የሚሰርገው። ቅርፊቱ ሳይርስ ስንፈጨው ይሰባበራል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ጆሮዬ ግን ግሎ ነበር። ጥፋቱን በማሽኑ አላክኬ የጻፍኩት የመለዋወጫ ግዢ ጥያቄ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ነገ የጅሩን ስንዴ አራት ሰዓት ጨምረን እናሳርፈዋለን።