«ሦስቱንም ወስደሻል»

የምሠራው ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ክፍል ነው። በእኛ አገር ጣቱን ወይም ጉልበቱን ያመመው ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ይባላል። የላብራቶሪ ባልደረባችንም ሁለት ዓመት ሙሉ ብርድ ነው እየተባለች፣ ጠዋት ጠዋት እጇን በባና ጠቅልላ ስትታሽ ኖረች። በኋላ አዲስ አበባ ስትመረመር ሩማቶይድ አርትራይተስ ሆኖ ተገኘ፤ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ይህን መከላከያ የሚያበርዱ ሁለት መድኃኒቶች፣ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን፣ ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ ጀመረች።

ያን ዕለት ጉሙ እስከ ረፋድ አልተገፈፈም ነበር። ከአንዲት ነፍሰ ጡር ደም ቀድታ ሲሪንጁን ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ልትጥል ስትል ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፤ መርፌው ጓንቱን አልፎ የግራ ሌባ ጣቷን ወጋት። በውኃና በሳሙና ታጠበች። ብዙም ሳይቆይ የእናትየዋ የሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ምርመራ ሁለት መስመር አወጣ፤ ቫይረሱ አለባት ማለት ነው። ኤችአይቪ አልነበረባትም።

እጇን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች። መዝገቡን ገለጥኩ፤ የዛሬ አራት ዓመት የሄፓታይተስ ቢ ክትባቷ ሦስቱም ዙር በእኔው እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል።

«ሦስቱንም ወስደሻል፣ ምንም አትሆኚም» አልኳት።

ዝም ብላ ቆየችና «ሲስተር፣ የተከተብኩት እኮ ሜቶትሬክሴቱን ከጀመርኩ በኋላ ነው። ለውጥ የለውም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስንት ዓመት ስከትብ ኖሬ ይህን ጥያቄ ለራሴ አንድም ቀን አለማንሣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደብረ ብርሃን ላለ የውስጥ ደዌ ሐኪም ደወልኩ። «ከሦስተኛው ዙር በኋላ ፀረ እንግዳ አካሏ ተለክቶ ያውቃል?» አለኝ፤ ክትባቱ በደም ውስጥ የሚፈጥረውን፣ ቫይረሱን የሚከላከለውን ማለቱ ነው። አልተለካም።

በጤነኛ ሰው ይህ ክትባት 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ይከላከላል። በደም ውስጥ ያለው ልኬት ቢወርድ እንኳ ሰውነት ቫይረሱን ያስታውሰዋል። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት በሚወስድ ሰው ግን ይህ ትዝታ አያስተማምንም፤ ከመነሻው በቂ መከላከያ ላይፈጠር፣ የተፈጠረውም ቶሎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛው ዙር ካለቀ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ይለካል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ10 ሚሊ ዩኒት በታች መሆን የለበትም። ከዚያም ለቫይረሱ የመጋለጥ ዕድሉ ከቀጠለ በየዓመቱ ሊለካ ይችላል፤ ከወረደ ማጠናከሪያ ይሰጣል። መከላከያ የሌለውን ሰው እንዲህ ያለ መርፌ ሲወጋው በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ከ6 እስከ 30 ይደርሳል።

በዚያው ቀን ሚኒባስ አሳፍረን ደብረ ብርሃን ላክናት። ደሟ አስቀድሞ ተቀዳ፤ ሐኪሙ ውጤቱን ሳይጠብቅ አንድ ዙር ክትባት ሰጣት። ተዘጋጅቶ የሚሰጠው ፀረ እንግዳ አካል፣ ኢሚውኖግሎቡሊኑ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ባለቤቷ ሌሊቱን አዲስ አበባ አድሮ በማግስቱ ማለዳ በበረዶ ዕቃ ይዞ ደረሰ። የደሟ ውጤት ሲመጣ 3 ነበር። እናትየዋም የጉበት ክትትል ጀመረች፤ ልጇ እንደተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ በካርዷ ላይ በቀይ ጻፍንላት።

አሁን ከመከተቤ በፊት «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሳልል መርፌ አላነሣም። ሪቱክሲማብ የሚባለውን፣ እሱም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ከመጣ ወደ ሐኪሙ ደውዬ ቀኑን አብረን እንመርጣለን፤ መድኃኒቱን በወሰደ ሰሞን ቢከተብ ሰውነቱ ለወራት እምብዛም ምላሽ አይሰጥምና ክትባቱ ቀጣዩ መድኃኒት ሊደርስ ሲል ይሰጣል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲሆን ደግሞ፣ በሽታው ከተረጋጋ ሜቶትሬክሴትን ከክትባቱ በኋላ ለሁለት ሳምንት ማቆየት ምላሹን ያሻሽላል። ሐኪም ሳያማክሩ ግን ማቋረጥ የለም! «ለክትባት ብዬ ነው» ብለው ኪኒናውን ትተው ጉልበታቸው አብጦ በቃሬዛ የመጡ አባት አይቻለሁ።

በስድስተኛው ወር ቫይረሱ በደሟ አልተገኘም። በዚያው ወር አዲሱን ሦስተኛ ዙር ወሰደች፤ ከሁለት ወር በኋላ ስትለካ 140 ሆነ። ወረቀቱን ራሷ አመጣችልኝ። ከስሟ ጎን አጣበቅሁትና፣ የሚቀጥለውን ዓመት የመለኪያ ቀን ከሥሩ ጻፍኩበት።