በድሮው የእሳት ማንደጃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጥቅምት ከገባ በኋላ ከጮቄ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው የሌሊት ብርድ አጥንት ይሰብራል። የምንኖርበት ቤት በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው የሚባል፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተገነባ ሲሆን፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ጭስ ማውጫ ያለው የእሳት ማንደጃ አለው። ጭስ ማውጫው ስለተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ በተማገደበት ቁጥር ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። የእናቴ ሳል እየባሰ ሲመጣ ፍልጡን ትተን በማንደጃው አፍ ውስጥ የሚቀመጥ ባለ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛን። እኔ በሙያዬ ኤሌክትሪሻን አይደለሁም፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የሰፈራችን ባለሙያ ጋር እየዋልኩ የምማር ነኝ፤ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸውም እሳቸውን ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ተበላሽቶብኛል። ሽቦው እንዳይታይ ብዬ በአቅራቢያው ካለው ሶኬት ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቀጥዬ፣ አዲሱን ሶኬት እዚያው ማንደጃው ውስጥ በጎኑ ግድግዳ ላይ ገጠምኩት። ማሞቂያው አንድ ሰዓት ያህል እንደሠራ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሸተተን፤ ነቅዬ ሳየው የስፒናው አንዱ እግር ሥር ቡናማ ሆኗል፣ የሶኬቱም ፊት ቢጫ ጥሏል። እኔ ከማሞቂያው የወጣው ሙቀት ነው ያቃጠለው ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ዋናውን ማጥፊያ አስጠፍተው፣ በቴስተር መጥፋቱን ካረጋገጡ በኋላ ሶኬቱን በካቻቢቴ ፈቱትና ከብሎኑ ሥር የጠቆረውን መዳብ አሳዩኝ። ብሎኑን በደንብ አላጠበቅኩትም ነበር፤ ሽቦውን በጣት ሲነኩት ይንቀሳቀሳል።

ቤቴ ገብቼ ያሰላሁት ነገር ነው እስካሁን የሚያስገርመኝ። 2000 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ያህል ይሆናል። የላላው መገናኛ ግማሽ ኦም ብቻ ቢቋቋም፣ በዚያች የጥፍር ስፋት በምታክል ቦታ ላይ 40 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል ማለት ነው። የተለመደው የሽቦ ልባስ ደግሞ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሲሆን፣ ማሞቂያው በሚሠራበት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ራሱ አስቀድሞ ስለሚግል፣ ትንሿም ሙቀት ማምለጫ አታገኝም።

ስለዚህ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። ከማከፋፈያ ሳጥኑ ሌላ ምንም የማይቀጠልበት፣ የራሱ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ያለው፣ ርዝመቱ 14 ሜትር የሆነ ባለ 2.5 ሽቦ መስመር ዘረጋሁ። ሶኬቱን ከማንደጃው አፍ ውጭ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን አርቄ ተከልኩት። ከአፉ በላይ ተጋድሞ የግድግዳውን ክብደት የተሸከመውን ረጅም ድንጋይ በመሮ መንካት ስላልፈለግኩ ቱቦውን በልስኑ ውስጥ ብቻ ቀበርኩት፤ ይህ ግማሽ ቀን ፈጅቷል፣ አቧራውም ለሳምንት ያህል አልለቀቀንም።

ቤቱ በጥንቱ አሠራር በሁለት ሽቦ ብቻ የተዘረጋ፣ የመሬት መስመር የሌለው ነበር። የማሞቂያው አካል ብረት ስለሆነና የላላ ሽቦ ቢነካው የዳሰሰውን ሰው ሊይዝ ስለሚችል ይህን ማለፍ አልቻልኩም። ከጓሮ የልብስ እጣቢ በሚፈስበት፣ በጋም ቢሆን አፈሩ እርጥበት በማያጣበት ቦታ 1.5 ሜትር የመዳብ ልባስ ያለው ዘንግ ቀበርንና መስመሩን እስከ ሳጥኑ አደረስነው። ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወደ መሬት ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያም ጨመርን። የመሞከሪያውን ቁልፍ ስጫን ወዲያው አቋረጠ።

የእንጀራ ምጣዱና ማሞቂያው አብረው ቢበሩ ለቤቱ መስመር ስለሚከብዱ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ 3500 ዋት የሚበላው ምጣድ በተሰካበት ሰዓት ማሞቂያው አይበራም።

አሁን ማሞቂያው ሁለት ሰዓት ሠርቶ የስፒናውን ጀርባ ስዳስሰው ለብ ያለ ብቻ ነው። እናቴ ግን «ማታ ማታ ይደክመዋል» ትላለች፤ እውነቷንም ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስለካው 190 ቮልት አገኘሁ፤ ኃይሉ ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚቀንስ፣ 2000 ዋት የተባለው በዚያን ሰዓት የሚሰጠው 1500 ዋት እንኳ አይሞላም። 14 ሜትሩ የራሴ መስመር የሚቀንስበት 2 ቮልት ስለማይሞላ ጉድለቱ ከእኔ ሽቦ አይደለም።

የቀረኝ ጭስ ማውጫው ነው። በክረምት ዝናብ በቀጥታ ማሞቂያው ላይ እንዳይወርድ ከላይ ቆርቆሮ ልከድነው አስቤያለሁ፤ ግን የድንጋዩ ርጥበት ታፍኖ ልስኑን እንዳያረግፈው በአራቱም ጎን አየር ማስወጫ እተውለታለሁ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት መሰላል የሚያውሰኝ ካገኘሁ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ ነው።